ሁለት አንድ ዓይነት ረድፎች፦ የራውቲንግ ቴብል ማሳያ ስህተትን ደረጃ በደረጃ ማስተካከል

ባለፈው ክረምት እዚሁ ጅማ የአንድ የቡና መጋዘን ካሜራዎችን ለግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ። ዝናቡ አይደለም፣ መብራትም አልጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ያሳሳተችኝ ደግሞ በገዛ እጄ የጻፍኳት ትንሽ ስክሪፕት ነች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢሮው ፈረንጅ አራዳ ነው፤ መጋዘኑ ከከተማ ወጣ ብሎ በአጋሮ መንገድ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የሬዲዮ ሊንክ ነው። ቢሮ ውስጥ አንዲት አሮጌ የሊኑክስ ኮምፒውተር ራውተር ሆና ትሠራለች። የመጋዘኑ ኔትወርክ ለሁለት የተከፈለ ነው፦ 192.168.100.128/26 ለኮምፒውተሮቹ፣ 192.168.100.192/26 ለካሜራዎቹ። ከአድራሻው ኋላ ያለው /26 ፕሪፊክስ ይባላል፤ የኔትወርኩን መጠን ይናገራል። ሁለቱም የሚሄዱት በአንድ ጌትዌይ (መሸጋገሪያ)፣ በ192.168.88.2 በኩል ነው።

የራውቲንግ ቴብሉን (የትኛው አድራሻ በየት በኩል እንደሚሄድ የሚነግረውን ሰንጠረዥ) ቶሎ ለማየት «መንገድ» ብዬ የጠራኋት ስክሪፕት አለችኝ። ቴብሉን ታነባለች፣ ከእያንዳንዱ ረድፍ ጎን በአማርኛ «ቢሮ»፣ «መጋዘን» እያለች ትጽፋለች። የረድፍ ቁጥር ሲሰጣት ደግሞ ረድፉን ትሰርዛለች። ያን ቀን ያሳየችኝ፣ የአማርኛ ማብራሪያውን ትተን፣ ይህን ነበር፦

1   192.168.100.1   192.168.88.2
2   192.168.100.1   192.168.88.2

ድግግሞሽ መሰለኝ። 2 ብዬ ሰረዝኩ። ከአስር ደቂቃ በኋላ የመጋዘኑ ጥበቃ ደወለ፦ «ኢንጂነር፣ ካሜራው ሁሉ ጥቁር ሆነ።» እኔም ሬዲዮውን ጠርጥሬ፣ በዝናብ ባጃጅ ይዤ ወጣሁ። ሬዲዮው ምንም አልሆነም።

ስህተቱ የት እንደነበር ምናልባት አሁኑኑ ገብቷችሁ ይሆናል። ያም ሆኖ እንዴት እንደሚፈለግና እንደሚስተካከል ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም አንዱን ስፈልግ ሌሎች ሦስት አግኝቻለሁ። ትእዛዞቹን የምጽፋቸው እንደሚነበቡት በግዕዝ ፊደል ነው። ኪቦርድ ላይ ግን በላቲን ነው የምትጽፏቸው።

ደረጃ 1፦ ምንም አትንኩ፣ ጥሬውን አስቀምጡ

ማሳያው የሚዋሽ ከሆነ በማሳያው ተመርታችሁ ኔትወርኩን ማስተካከል የባሰ ነው። በእኔ ደርሷል። መጀመሪያ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ራሱ የሚለውን ስሙ። ሊኑክስ ላይ የአይፒ ቁጥር 4 መንገዶች በጥሬው የሚታዩት እዚህ ነው፦

ካት /ፕሮክ/ኔት/ራውት

የሚወጣውን ሁሉ በአንድ ፋይል አስቀምጡት። ስክሪፕታችሁም ከዚያ ፋይል ማንበብ እንድትችል አድርጓት፤ የፋይል ስም ካልተሰጣት ከትክክለኛው ቦታ ታንብብ። ትንሽ ሥራ ናት፣ ግን ጥቅሟ ትልቅ ነው። ስህተቱን ቤታችሁ ተቀምጣችሁ፣ ማንም ሰው ከመስመር ሳይወጣ፣ መቶ ጊዜ መድገም ትችላላችሁ።

ከዚያ ቀጥሎ ሁለተኛ ምስክር ጥሩ፦

አይፒ ራውት

ይህኛው ከከርነሉ ጋር የሚነጋገረው በሌላ በኩል፣ ኔትሊንክ በሚባለው ነው። ሁለቱ ከተስማሙና የእናንተ መሣሪያ ብቻ ሌላ ነገር ካወራች ጥፋተኛዋ ታውቃለች። እኔ ጋ ሁለቱም 128/26 እና 192/26ን ለየብቻ ያሳዩ ነበር። ከመሰረዜ በፊት አንዴ ባያቸው ኖሮ ያቺ ባጃጅ ባልተፈለገች።

ሦስተኛ ምስክርም አለ፣ እኔ ከሁሉም የምወደው፦

አይፒ ራውት ጌት 192.168.100.200

ይህ ትእዛዝ ቴብሉን አያሳይም። «ወደዚህ አድራሻ አሁን ብልክ በየት በኩል ትወስደዋለህ?» ብሎ ከርነሉን ይጠይቀዋል። እኔ ረድፉን ከሰረዝኩ በኋላ መልሱ የኢንተርኔቱ ጌትዌይ ነበር። ለካሜራዎቹ የሚሆን መንገድ ስለጠፋ ፓኬቱ በዲፎልቱ (ሌላ መንገድ ለሌለው ሁሉ በሚያገለግለው) በኩል ወደ ኢንተርኔት እየሄደ ይቀር ነበር ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ጥሬውን ማንበብ ተማሩ

/ፕሮክ/ኔት/ራውትን መጀመሪያ ያየ ሰው ይደነግጣል። አድራሻዎቹ በነጥብ የተለያዩ ቁጥሮች አይደሉም፤ እያንዳንዱ በአስራ ስድስት ቤት የተጻፈ ባለ 8 አሃዝ ነው። በአስራ ስድስት ቤት ከ9 በኋላ የሚመጡት ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ናቸው። ዋጋቸውም ከ10 እስከ 15።

192.168.88.2ን እንፈልግ። 192 ሲ0 ነው፣ 168 ኤ8 ነው፣ 88 ደግሞ 58 (5 ጊዜ 16 ሲደመር 8)፣ 2 ያው 02። ስለዚህ ሲ0ኤ85802 ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን ይህ ነው፦

0258ኤ8ሲ0

የተገለበጠ ነው። አብሮኝ ለተግባር ልምምድ የመጣ የጅማ ልጅ ነበር፣ ቁርአን ቤት ያደገ። እኔ ለማስረዳት ወረቀት ስፈልግ እሱ ስክሪኑን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ እንደ ዐረብኛ ነው» አለኝ። ዐረብኛ ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ መሃል ላይ ቁጥር ሲመጣ ግን ቁጥሩ የሚጻፈው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። እዚህም እንደዚያው። ጥንዶቹን ከቀኝ ወደ ግራ ትቆጥራላችሁ፣ እያንዳንዱን ጥንድ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ታነባላችሁ፦ ሲ0፣ ኤ8፣ 58፣ 02። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም።

ምክንያቱ ይህ ነው። አድራሻው ሜሞሪ ውስጥ የተቀመጠው በኔትወርክ ቅደም ተከተል፣ 192 ቀድሞ ነው። ከርነሉ ግን አራቱን ባይት እንደ አንድ ቁጥር ወስዶ ነው የሚያትመው። የተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች የአንድን ቁጥር ትንሹን ባይት ስለሚያስቀድሙ ሲታተም ይገለበጣል። ሁልጊዜ ይገለበጣል ማለት ግን አይደለም። ትልቁን ባይት የሚያስቀድሙ ፕሮሰሰሮች አሉ፤ አንዳንድ የሚፕስ ራውተሮች እንዲህ ናቸው። እነሱ ላይ አይገለበጥም። ስክሪፕታችሁ ዝም ብላ ሁሌ የምትገለብጥ ከሆነ ወደ እንደዚህ ዓይነት ራውተር ስትወስዷት 192.168.88.2ን 2.88.168.192 ብላ ታሳያችኋለች።

በፓይተን ቀላሉ መፍትሔ መገልበጡን ለራሱ ለማሽኑ መተው ነው። ጥሬውን ወደ ቁጥር ቀይሩ። ቁጥሩን ስትራክት በሚባለው ሞጁል የእኩል ምልክትና ትልቁ አይ ባለበት ፎርማት ወደ አራት ባይት ቀይሩት። የእኩል ምልክቱ «የዚህን ማሽን ቅደም ተከተል ተጠቀም» ማለት ነው። ከዚያ ሶኬት ሞጁል ውስጥ ላለው ኢኔት ኤንቱኤ ስጡት፣ በነጥብ የተጻፈ አድራሻ ይመልስላችኋል። በሁለቱም ዓይነት ፕሮሰሰር ልክ ይሠራል።

ዓምዶቹ 11 ናቸው። የሚያስፈልጓችሁ 1ኛው ኢንተርፌስ፣ 2ኛው መድረሻ፣ 3ኛው ጌትዌይ፣ 4ኛው ፍላግ፣ 7ኛው ሜትሪክ (የመንገዱ ቅድሚያ)፣ 8ኛው ማስክ (ከአድራሻው ስንቱ የኔትወርኩ ክፍል እንደሆነ የሚናገረው) ናቸው። ማስኩ ከመድረሻው አጠገብ ስላልሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፍላጎቹም በአስራ ስድስት ቤት ናቸው፦ 1 ክፍት ነው፣ 2 በጌትዌይ ነው፣ 4 ለአንድ ማሽን ብቻ ነው። 0003 ያለው ረድፍ ክፍትና በጌትዌይ የሚሄድ ነው።

ማስኩን ወደ ፕሪፊክስ ለመቀየር፣ በሁለት ቤት (በ0 እና በ1 ብቻ) ሲጻፍ ስንት 1 እንዳለው ቁጠሩ። 255.255.255.192 ላይ 8 እና 8 እና 8 እና 2 አሉ፣ ድምሩ 26። ስክሪፕቱ 255ን ብቻ እየቆጠረ በ8 የሚያባዛ ከሆነ /26ን /24 ይለዋል። ይህን ስህተት የሠራ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም፣ አሁን ይህን እየጻፈ ነው።

ደረጃ 3፦ መቀሱን ፈልጉ

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት። ጥሬው ልክ ነው፣ ወደ ነጥብ የተቀየረውም ልክ ነው። ስክሪን ላይ ሲወጣ ነው የተበላሸው። ስለዚህ ጥፋቱ ያለው በመጨረሻዋ የማተሚያ መስመር ላይ ነው።

የእኔ ስክሪፕት ያኔ ባሽና ኦክ በሚባሉት የስክሪፕት ቋንቋዎች የተጻፈች ነበረች። የምታትመው ፕሪንትኤፍ በሚባለው የማተሚያ ትእዛዝ ነው። የመድረሻው ዓምድ ፎርማት ሲነበብ፦ ፐርሰንት፣ ሰረዝ፣ 13፣ ነጥብ፣ 13፣ ኤስ። እዚህ ውስጥ ሁለት 13 አለ፣ ሥራቸውም የተለያየ ነው። ከነጥቡ በፊት ያለው «ቢያንስ» ነው፤ ጽሑፉ ካጠረ በባዶ ቦታ ይሞላል። ከነጥቡ በኋላ ያለው «ቢበዛ» ነው፤ ከረዘመ ይቆርጣል። ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ምልክት።

192.168.100.128/26 ስንት ፊደል ነው? 18። 13 ላይ ስትቆርጡት 192.168.100.1 ይቀራል። 192.168.100.192/26ስ? እሱም 192.168.100.1። ይባስ ብሎ የቀረው ቁራጭ ራሱ ጤነኛ አድራሻ ይመስላል። «192.168.100.» ላይ ቢቆረጥ ኖሮ ነጥቧን አይቼ እባንን ነበር። የሚያምር ውሸት ከአስቀያሚ ውሸት የከፋ ነው።

13 ከየት መጣ? ስክሪፕቷን ስጽፍ የነበረችኝ ትንሽ ላፕቶፕ ናት። ቤቴ ያለውን 10.0.0.0/24 አይቼ፣ ይበቃል ብዬ። በቃ ይህ ነው።

ጥገናው ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ ነጥቡንና ሁለተኛውን 13 አጥፉ። ይህን ብቻ ብታደርጉም ውሸቱ ይቆማል፤ ረጅሙ አድራሻ ዓምዱን ገፍቶ ያጣምመዋል እንጂ አይቆረጥም። የተጣመመ ቴብል ያስቀይማል፣ አያሳስትም። ቀጥሎ ስፋቱን በእጅ መጻፍ ተዉ። ስክሪፕቷ ረድፎቹን ሁሉ አንዴ ታንብብ፣ የእያንዳንዱን ዓምድ ረጅም ጽሑፍ ትለካ፣ ከዚያ በዚያ ልክ ሁለት ባዶ ቦታ ጨምራ ታትም። በቁጥር መወሰን ግድ ከሆነባችሁ፣ የአይፒ ቁጥር 4 አድራሻ ከነፕሪፊክሱ ከ18 ፊደል አይበልጥም። የቁጥር 6 ግን እስከ 43 ይሄዳል። የኢንተርፌስ ስም ሊኑክስ ላይ ቢበዛ 15 ነው።

ስክሪኑ ጠቦ የግድ የሚቆረጥ ነገር ካለ ማብራሪያውን ቁረጡ፣ አድራሻ አትቁረጡ። የቆረጣችሁበት ቦታ ላይም ሦስት ነጥብ አድርጉበት፣ ሰው መቆረጡን ይይ።

ደረጃ 4፦ የአማርኛው ጣጣ

ይህን ክፍል ፈረንጆቹ አይጽፉልንም፣ አይቸገሩበትማ። መቀሱን ካስተካከልኩ በኋላም ቴብሏ ቀጥ አላለችም። «መጋዘን» የሚል ማብራሪያ ያለበት ረድፍ ላይ ቀጣዩ ዓምድ ወደ ግራ ገብቷል። «ዋይፋይ»ን በላቲን የጻፍኩበት ረድፍ ግን ልክ ነው።

ጥፋቱ ያለው አቆጣጠሩ ላይ ነው። በዩቲኤፍ 8 (ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት ደንብ) አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ነው፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት። የባሽ ፕሪንትኤፍ የሚቆጥረው ባይት ነው። «መጋዘን» ለእኔና ለእናንተ 4 ፊደል ናት፤ ለእሱ 12። ዓምዱ 13 ከሆነ 9 ባዶ ቦታ መጨመር ሲገባው 1 ብቻ ይጨምራል። በ8 ቦታ ወደ ግራ የተሳበው ለዚህ ነው። መቁረጥ ካለበት ደግሞ ይብሳል። «የመጋዘን» 15 ባይት ናት፤ 13 ላይ ሲቆረጥ አራት ፊደልና የ«ን» አንድ ሦስተኛ ይቀራል። የፊደል ሲሶ ስለሌለ ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ነገር ይወጣል። ይህን ያየ ሰው «ፎንት ነው» ይላል። አይደለም።

ኦክስ? የትኛው ኦክ እንደሆነ ይወሰናል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ብዙውን ጊዜ አብሮ የሚመጣው ማውክ ነው፣ እሱም ባይት ነው የሚቆጥረው። ጋውክን ብትጭኑ ፊደል ይቆጥራል፣ ሎካሉ (የቋንቋና የፊደል ቅንብሩ) ዩቲኤፍ 8 ከሆነ። ይህች «ከሆነ» አንድ ማታ አቃጥላኛለች። በእጄ ሳስኬዳት ቀጥ ትላለች፤ ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስጀምረው ፕሮግራም) በየጠዋቱ ሲያስኬዳት ትጣመማለች። ክሮን የእኔን ሎካል አያውቅም፤ ክሮንታቡ አናት ላይ ላንግ የሚለውን መጻፍ ነበረብኝ።

እኔ በመጨረሻ ሁሉንም ወደ ፓይተን አዛወርኩት። ፓይተን 3 ጽሑፍን የሚቆጥረው በፊደል ነው፣ ባዶ ቦታ የሚሞላውም በዚያው ልክ።

ግን ይህም ሙሉ በሙሉ አይድንም። ብዙ የተርሚናል ፎንቶች ግዕዝ የላቸውም፣ ከሌላ ፎንት ይበደራሉ። የተበደረው «ጨ» ወይም «ሿ» ከአንድ ሳጥን ሊሰፋ ይችላል። ከዚህ ጋር ትግል አትግጠሙ። የአማርኛውን ማብራሪያ የመጨረሻ ዓምድ አድርጉት። ከኋላው የሚጣመም ነገር ስለሌለ ችግሩ አለቀ። ሦስት ቀን ከለፋሁ በኋላ ያገኘኋት የአንድ ደቂቃ መፍትሔ ናት።

ቴብሉን በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነም በሞኖስፔስ (ፊደሎቹ እኩል ስፋት ባላቸው ፎንት) ላኩት፤ ያለዚያ ያቃናችሁት ሁሉ መንገድ ላይ ይፈርሳል።

ደረጃ 5፦ አደራደር

ይህ አጭር ነው። በተራ ሶርት ስትደረድሩ 192.168.100 ከ192.168.88 ይቀድማል፤ 1 ከ8 ያንሳልና። ሶርትን ከትልቁ ቪ ጋር ተጠቀሙ፣ ቁጥሩን እንደ ቁጥር ያየዋል። እኔ ግን ረጅሙን ፕሪፊክስ አስቀድማለሁ፣ ዲፎልቱን መጨረሻ። ከርነሉም ሲመርጥ የሚያስቀድመው ይበልጥ የሚገጥመውን፣ ማለትም ረጅሙን ነው። ዓይናችሁ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ እንደ ከርነሉ ያስባል።

ደረጃ 6፦ በውሸት ኔትወርክ ሞክሩ

ጥገናውን በሰው ቢሮ ራውተር ላይ አትሞክሩ። ሊኑክስ በዚያችው ማሽን ውስጥ ከውጭ የተለየ፣ የራሱ ቴብል ያለው ትንሽ ኔትወርክ ይሠራላችኋል። ኔትወርክ ኔምስፔስ ይባላል፦

ሱዶ አይፒ ኔትኤንኤስ አድ ሙከራ
ሱዶ አይፒ -ኤን ሙከራ ሊንክ አድ ዲ0 ታይፕ ደሚ
ሱዶ አይፒ -ኤን ሙከራ አድር አድ 192.168.88.1/24 ዴቭ ዲ0
ሱዶ አይፒ -ኤን ሙከራ ሊንክ ሴት ዲ0 አፕ

ከዚያ አስቸጋሪ የሆኑትን መንገዶች ሆን ብላችሁ ጨምሩ፦

ሱዶ አይፒ -ኤን ሙከራ ራውት አድ 192.168.100.128/26 ቪያ 192.168.88.2
ሱዶ አይፒ -ኤን ሙከራ ራውት አድ 192.168.100.192/26 ቪያ 192.168.88.2
ሱዶ አይፒ -ኤን ሙከራ ራውት አድ ዲፎልት ቪያ 192.168.88.254
ሱዶ አይፒ -ኤን ሙከራ ራውት አድ አንሪቸብል 10.20.30.0/24

የመጨረሻዋን አትዝለሏት። አንሪቸብል የሆነ መንገድ ኢንተርፌስ የለውም፤ ጥሬው ላይ በቦታው ኮከብ ምልክት ነው የሚታየው። የኢንተርፌስ ስም ይኖራል ብላ የምትተማመን ስክሪፕት እዚህ ጋ ትወድቃለች። የእኔዋ ወድቃለች።

መሣሪያችሁን እዚያው ውስጥ አስኪዱ፦

ሱዶ አይፒ ኔትኤንኤስ ኤግዜክ ሙከራ ./መንገድ

128ቱና 192ቱ ተለይተው ከታዩ፣ ዲፎልቱ በስሙ ከወጣ፣ ዓምዶቹ ቀጥ ካሉ ጨርሳችኋል። ሙከራውን ለማጥፋት በመጀመሪያዋ መስመር ላይ ከአድ ይልቅ ዴል በሉ። ጥሬውን ፋይል ግን አትጣሉት፤ ስክሪፕቷን በነካችሁ ቁጥር በእሱ ላይ አስኪዷትና የድሮው ውጤት እንዳልተቀየረ እዩ።

አቋራጭ ለሚፈልግ

ከባዶ የምትጀምሩ ከሆነ ጥሬውን በእጅ መተንተን አያስፈልግም። አይፒ -ጄ ራውት ብትሉ ቴብሉ በጄሰን (ፕሮግራም በቀላሉ በሚያነበው ቅርጽ) ይወጣል፤ አድራሻው ተቀይሮ፣ ፕሪፊክሱ ተያይዞ፣ ዲፎልቱ «ዲፎልት» ተብሎ። የቆየ የአይፒ ትእዛዝ ያለበት ማሽን ላይ ይህ ምርጫ ላይኖር ስለሚችል ቀድማችሁ ሞክሩ። ሌላም ጥቅም አለው። /ፕሮክ/ኔት/ራውት ዋናውን ቴብል እንጂ በሩል (በመንገድ መምረጫ ደንብ) የተጨመሩ ሌሎች ቴብሎችን አያሳይም። ሁለት ኢንተርኔት ያለው ቢሮ ላይ ይህ ለውጥ ያመጣል። በዚህኛው ግን ቴብል ኦል ብላችሁ ሁሉንም መጠየቅ ትችላላችሁ።

የካሜራዎቹን መንገድ የመለስኩት በአንድ መስመር ነው፦

ሱዶ አይፒ ራውት አድ 192.168.100.192/26 ቪያ 192.168.88.2

በረድፍ ቁጥር የመሰረዝ አቋራጯን ከስክሪፕቷ አወጣኋት። አሁን መሰረዝ የሚፈልግ ሰው አድራሻውን ከነፕሪፊክሱ ሙሉውን በእጁ መጻፍ አለበት። ልጁ «ጋሼ፣ ያሰለቻል እኮ» አለኝ። ያሰልች።